ሐጂ ካልፈቀዱ

የያዙኝ ወልቂጤ ውስጥ፣ አስተምሬ ከክፍል ስወጣ ነው። ሁለት ሰዎች ጠጋ ብለው «መምህር፣ ለአጭር ጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉኝ። የእጄን ጠመኔ መኪና ውስጥ በሱሪዬ ጠረግሁ። ወደ ቡታጅራ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የበርበሬ መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። በርበሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ ያስነጥሰዋል፣ ቀጥሎ ዓይኑ ያነባል። እስረኞቹ «አይዞህ» ሲሉኝ «በርበሬው ነው» አልኩ። ሳቁ። «ሁላችንም እንደዚያ ነው ያልነው» አለ አንዱ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ነበር የማስተምረው። አንዱ ኮርሴ በደል የደረሰበትን ሰው ታሪክ እንዴት መተረክ እንደሚገባ የሚመለከት ነው። ተማሪዎቼ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን ሄደው ያነጋግሩ ነበር። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ የማንንም ታሪክ እንዳይጽፉ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። ያሳሰረኝም ይኸው ኮርስ ነው።

ፍራሽ ያካፈሉኝ አንድ የመስቃን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ጎናቸውን ስለሚያማቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚተኙት። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቆርቆሮው ግሎ ሌላው ሰው ሁሉ አየር ፍለጋ በሩ አጠገብ ሲሰበሰብ፣ ለምን እንደታሰሩ ነገሩኝ። የሚፈለግ የእህታቸው ልጅ ቤታቸው አድሮ ነበር። ከዚያ ወዴት እንደሸኙትና ማን እንደተቀበለው ሳይቀር ነገሩኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ አላውቅም። ብቻቸውን መያዙ ከብዷቸው ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ትሕትና አለው። ሻይ አስመጣልኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ትናንት ከሽማግሌው ጋር ሲያወሩ ታይተዋል፤ የነገሩዎትን ይጻፉልኝ። ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ቀኗ ተቃርቦ ነበር። ይህንን እሱም ያውቃል።

«የነገሩኝ ነገር ካለ የእሳቸው ነው» አልኩት። «ሳላስፈቅዳቸው አልጽፍም።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሳቀ። ሐጂን አስመጣቸው። መጥተው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«በሉ፣ ያስፈቅዷቸው» አለኝ።

ማሾፉ ነው። እኔ ግን ተነስቼ ወንበሬን ለሐጂ ለቀቅሁላቸው። እስኪቀመጡ ጠብቄ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ሐጂ፣ የነገሩኝ ነገር ካለ እንድጽፈው ይፈቅዱልኛል?»

ወደ መርማሪው አላዩም። እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ።

«አልፈቅድም፣ ልጄ።»

«እሺ ሐጂ» አልኩና ወረቀቱን ባዶውን መለስኩ።

መርማሪው መሳቁን ትቷል። ሻዩ እንዲነሳ አዘዘ። ሁለታችንንም ወደ መጋዘኑ መለሱን። ስንገባ ሐጂ ፍራሹ ላይ ነፋስ የሚገባበትን ጎን ለቀቁልኝ።

ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ስፈታ ጥርስ አውጥታ ነበር። ሳቅፋት አላወቀችኝም፤ አለቀሰች።

ሐጂም ወጥተዋል። በቅርቡ መስቃን ሄጄ ይህን መጻፍ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ የእህቴ ልጅ አሁን ደህና ነው። ጻፈው» አሉኝ። «ያንን የተቀበለውን ሰው ግን ተወው። እዚያው ነው የሚኖረው።» ትቼዋለሁ።

ባለቤቴንም ጠየቅኋት። ያን ቀን ብጽፍ ኖሮ ምጧ ላይ ከጎኗ እሆን ነበር፤ ስለዚህ ታሪኩ የእሷም ነው። ልብስ አጥፋ ስትጨርስ «ጻፈው» አለች። «ግን አንተ በሌለህበት ማን እንደነበረ አስገባ።»

የነበረችው ጎረቤታችን ናት። ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት፣ ሕፃኗ እስክትወለድ እጇን ይዛ የቆየችው እሷ ነበረች። ይኸው፣ አስገብቻለሁ።