ብሬቭ የተባልኩበት አገር

ከቢቸና የወጣሁት ንጋት ላይ ነው። አባባን «ወደ ሞጣ፣ ወደ ማስተማሬ ልመለስ ነው» አልኳቸው። ሞጣ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁና አልተጠራጠሩም። ሚኒባሱ ድረስ ሸኝተውኝ «በይ በሰላም ግቢ፤ ለፋሲካ እንዳትቀሪ» አሉኝ። እንግሊዝ አገር ልሰደድ መሆኑን ልነግራቸው አልደፈርኩም። እናንተዬ፣ አባቴን ዋሽቼ ነው የወጣሁት።

በረሃውንና ባሕሩን ሌላው ጽፎታል፤ እኔ ልለፈው። የጥገኝነት ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ በላስቲክ ጀልባ መምጣቴን ስትሰማ «ዩ አር ሶ ብሬቭ!» አለችኝ። ጀግና ነሽ ማለቷ ነው። ሞጣ ሰሌዳ ላይ ስንቴ የጻፍኳት ቃል! ልቤ ዘለለ።

«እንግዲያው ወረቀቱን ትሰጪኛለሽ?» አልኳት።

«እሱ ገና ነው። ውጭ ጠብቂ።»

ይህቺ ቃል እዚህ እንደ ጨው የማትገባበት የለም። አከራዬን «ማሞቂያው ተበላሽቷል» ብላት «በዚህ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብሽ? ብሬቭ!» ብላኝ ሄደች፤ ማሞቂያው እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሚጥሚጣ ስበላ ብሬቭ፣ ያለ ጃንጥላ ስወጣ ብሬቭ። እኛ አገር ጀግና ለመባል ስንት መከራ አለው!

ይህቺ ጀግና ግን አባቷን ይቅርታ ለመጠየቅ ዓመት ፈጀባት። በስንት ጭንቅ ስደውል ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ አነሳው።

«አባባን ስጠኝ።»

«ገበያ ወርደዋል።»

በሳምንቱ «ሞጣ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል» አለኝ። በሦስተኛው «ተኝተዋል» አለ፣ ያውም በቀትር። አባባ በቀትር ተኝተው አያውቁም። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ፈራሁ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ብቻ እናወራለን።

ባለፈው እሑድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በመስኮት ባይ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት እናት፣ እማማ ጥሩዬ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በአገራችን በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። እኛ ሞትን በስልክ አንነግርም።

አልከፈትኩም። ስልኬን አንስቼ የአባባን ቁጥር ደወልኩ። ሲነሳ፣ ድምፅ እንኳ ሳልሰማ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ!» አልኩ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ» አለ ሙሉጌታ።

«አባባን ስጠኝ።»

ሲያለቅስ ሰማሁት። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ እሱም ሳይሰማው አልቀረም።

«እታለም» አለኝ፣ «በሩን ክፈችላቸው።»