ወጨፎው ውስጥ ያየሁት ጨለማ

ሰሞኑን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወጨፎ ጠመንጃ ያጉረመርም ነበር። ወላሂ አልቀጠፍኩም! ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ «እምምም» ይላል። ከዚያ ዝም። ጠመንጃው የሟቹ አያቴ ነው። ሚስቱ፣ እመዬ የምንላት ሴት አያቴ፣ ቀና ትልና «አለሁ፣ አለሁ» ትለዋለች። እኔን ውርር ያደርገኛል።

አጎቴ ሊያገባ ከሳዑዲ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሙሽራዋ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ስትመጣ «በአባቴ ወጨፎ ካልተኮስኩ» ብሎ ድርቅ አለ። አንዲት አሮጌ ጥይት ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ኪሱ ከትቷት ይዞራል።

«ሳይታጠብማ አይተኮስም» አለች እመዬ።

«አብሽሪ፣ ዘይት ቀብቼዋለሁ። መስታወት አይመስልም?»

«ውጪውን! አንተ ፊትህን ታጥበህ ጥርስህን ትተዋለህ? የጥንት ባሩድ ጨው አለው። ዘይት ብትደርብበት ከሥር ብረቱን ሲበላው ይኖራል። የሚፈታው ትኩስ ውሃ ነው።»

«ክላሽ እኮ በዘይት ነው የሚጸዳው።»

«ታዲያ ይሄ ክላሽ ነው?»

ግቢ አወጣነው። እመዬ የኋላ መዝጊያውን ነቅላ ጥይት አለመኖሩን አየችና ወደ እኔ አዞረችው። «ዓይንሽ ደህና ነው፣ እስቲ እዪልኝ።» ባዶ ቱቦ ስለሆነ በወዲያኛው ጫፍ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ዓይኔን አስጠጋሁ።

ጨለማ። ድቅድቅ ያለ። ጨለማው ውስጥ ደግሞ ያ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «እምምም»።

«አይታይም!» ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ነዋ» ሲል አጎቴ ሳቀብኝ።

እመዬ ግን ዞር ብላም አላየችው። ከማንቆርቆሪያው ትኩስ ውሃ አንቆረቆረችበት። ውሃው አላልፍ አለ፤ ተመልሶ እጇ ላይ ገነፈለ። የአጎቴ ሳቅ እዚያው ቀረ። በቀጭን ዘንግ ገፋች፣ ደግማ ገፋች። «ቢስሚላሂ» ብላ ስትሠልስ የጭቃ ውታፍ ዱብ አለ። ተከትሎ የገማ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ውሃ ወረደ። ከውሃው ጋር ሸረሪቶች። ብዙ። አልሞቱም፤ አይሄዱምም። እግራቸው ብቻ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል።

ተርብ ናት። ወግታ አደንዝዛ፣ ለሚፈለፈሉት ልጆቿ ቀለብ አስቀምጣ፣ በጭቃ ዘግታባቸዋለች። ይኸው መጣች፤ አጎቴን ጭንቅላቱን አንዴ ዞራው ሄደች።

«እንዲህ እንደተደፈነ ብትተኩሰው» አለች እመዬ፣ «ብረቱ ፊትህ ላይ ነበር የሚፈነዳው።»

አጎቴ ጉንጩን ዳሰሰ።

ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጠብነው፣ በጨርቅ አደረቅነው፣ ዘይቱ በመጨረሻ ሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነበር፤ ያየሁት እኔ ነኛ!

የሰርጉ ዕለት የመኪና ጡሩምባ ከሩቅ ሲሰማ አጎቴ በሙሽራ ልብሱ ጠመንጃውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። መዝጊያውን ነቅሎ «እዪልኝ» አለ። ሳቅ የለም።

አየሁ። ክብ ብርሃን፤ ብርሃኑ ውስጥ ሐይቁ፣ በሐይቁ ዳር የሚመጡ ትንንሽ መኪኖች። ንፋስ የለም፣ ተርብ የለም። ደግሞ «እምምም» አለ።

«ንጹሕ ነው» አልኩት። «ግን ያጉረመርማል።»

ጠመንጃውን አየው፣ እኔን አየኝ። ጥይቷን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ዛሬ እልልታው ይበቃል» አለና መልሶ ሰቀለው።

እመዬ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ፣ ማንም እንዳይሰማት ዝቅ አድርጋ፣ «አለሁ» አለችው።