ሆዴን ያስቆረጥኩት በቂም ነው

ከቆቦ የወጣሁት ፀሐይ ገብታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከአንድ አፋር ግመሎች ኋላ ነው። በእጄ ዱላ፣ በሆዴ ምንም። የሚሸኘኝ ሰው አልነበረም። እናቴን ከድጃን ያን ቀን ረፋዱ ላይ ቀብሬአታለሁ፤ ትንሿን እህቴን ዘሀራን ጎብዬ ላለች አክስታችን ሰጥቻለሁ። የዞብልን ተራራ መውጣት ስንጀምር ዞር ብዬ ሜዳውን አየሁት። አልቅስ አልቅስ አላለኝም። አፌን ሞልቼ፣

“እንድሬ! ሆዴ ከሆድህ በልጦ እመለሳለሁ። መጥቼ ጉድጓድህ አፍ ላይ እቀመጣለሁ። ወላሂ!” አልኩ።

አፋሩ ግመሉን ገታ አደረገና፣ “ከማን ጋር ነው የምታወራው?” አለኝ።

“ከአጎቴ ጋር።”

“የት አለ?”

“ቤቱ። እየበላ።”

አፋሩ የግመል ወተት በቅል ቀድቶ ሰጠኝ። ባዳ ነው እንግዲህ። የሥጋ ዘመዴ ያልሰጠኝን ባዳ ሰጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዘመድ ማንም ሊሰብከኝ ሲመጣ ያቺን ቅል ነው የማስታውሰው።

የራያን ቆላ ለማያውቅ ሰው ስለ ጉድጓዱ ልንገረው። እኛ ዘንድ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ውስጡ ገለባ ይነጠፋል፣ እህሉ ይገባል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። እህሉ እዚያ ሲከርም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያወጣል፤ ሲከፈት ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ደንብም አለው። ጉድጓድ ሲከፈት አፉ ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ዘመድ ይሁን ባዳ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ እፍኝም ብትሆን ትሰፈርለታለች። ይህን የከለከለ ሰው እህሉም ልጁም አይባረክም ይባላል።

እንድሬ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከዋጃ ወዲህ ባለችው መንደራችን በዚያ በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን የሞላ ጉድጓድ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እናቴ እኔንና ዘሀራን ይዛ ሄዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ሌሎችም መጡ። እንድሬ ጠዋት ጠዋት ይወጣል፤ መጀመሪያ ሆዱ ይወጣል፣ ከዚያ እሱ።

“ከድጃ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ስትከፍት።”

“አልከፍትም።”

“ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።”

“ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞማ አይከፈትም። ደንቡን ታውቂው የለም ወይ!”

“ደንቡን አውቄማ ነው የመጣሁት፣ ወንድሜ።”

በደንቡ ነው የገደለን። ሰው እያለ ከከፈተ ሊሰጥ ነው፤ ስለዚህ ሰው እስኪያልቅ ጠበቀ። እኛም ብንነሳ ይከፈትብናል ብለን ጠበቅን። ከመካከላችን ተቀምጠው የቀሩ አሉ።

አንድ ጠዋት ድምፁን አለስልሶ መጣ። “ቆቦ አስፋልቱ ዳር ዱቄት እየታደለ ነው አሉ። ሳያልቅ ድረሱ እንጂ፣ ምን ትቀመጣላችሁ?” አለ። እናቴ እጁን ስማ መረቀችው። “ወንድሜ አዘነልን” እያለች እኔን ተደግፋ፣ ዘሀራን ጎትታ ወጣች። ሁሉም ተነሳ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረ ሰው የለም።

ቆቦ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አንድ የጭነት መኪና በአጠገባችን አለፈ። ሸራ ለብሷል። እናቴ ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አነሳች።

“ሰይዶ፣ ይሄ የጉድጓድ ማሽላ ነው” አለች።

መንገዱ ዳር ተቀመጠች። “ተከፈተ” አለች። እንድሬ እኛን አስነስቶ እህሉን ለነጋዴ ሸጦት ነው። ቆቦ የሚታደል ዱቄት አልነበረም። በማግስቱ ቀበርኳት።

እንግዲህ የስደቴ ነገር። በአሰብ በኩል፣ በሰንቡክ ጀልባ ባሕሩን ተሻግሬ፣ የመንን በእግሬ አቋርጬ ነው ሳዑዲ የገባሁት። ጠረፍ ላይ ወታደሩ ያዘኝ።

“ሥራህ ምንድን ነው?”

“የለኝም።”

“ታዲያ ምን ታውቃለህ?”

“መብላት። ግን ልምድ የለኝም።”

አስተርጓሚው ሲነግረው ወታደሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጅዳ መጥበኽ ላለው ዘመዱ ሰጠኝ፤ መጥበኽ ማለት ለሠርግና ለድግስ ሩዝና በግ የሚያበስል ትልቅ ወጥ ቤት ነው። ያ ሰውዬ ከፊሌ፣ ማለት ዋሴና አሠሪዬ ሆነ፤ የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ኢቃማዬን እሱ ያዘ፣ እኔ ማማሰያውን ያዝኩ።

የቆቦ ሙቀት እንደ ቁጡ ሰው ነው፣ መትቶህ ያልፋል። የጅዳ ሙቀት እንደ ነዝናዛ እንግዳ ይጣበቅብሃል። ሩዙም ቢሆን ጥርስ ሥር ይጠፋል እንጂ እንደ ማሽላ አይታኘክም። ግን ሞልቷል! ትሪ ሙሉ ሩዝ፣ በግ ከነጭንቅላቱ፣ ሳይነካ ወደ ቆሻሻ ሲደፋ ያየሁ ቀን ትሪውን ነጠቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት የተደፋ ነገር የለም። እኔ በላሁት። እያንዳንዷን ጉርሻ “እንካ እንድሬ!” እያልኩ ነበር የምውጣት። እየበላሁ ወፈርኩ፣ ወፍሬ በላሁ። በየዓመቱ ፎቶ ቤት እሄድና “በጎን አንሳኝ” እለዋለሁ። ለዘሀራ እልካለሁ፤ አግብታ እንድሬ ጎረቤት ነው የወጣችው። “አሳዪው” እላታለሁ።

“አሳየሁት።”

“ምን አለ?”

“ማሻአላህ አለ።”

ይሄ ማሻአላህ ያቃጠለኝን ምን ልበላችሁ!

ፊደል የቆጠርኩትም ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በእሱ ምክንያት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አንድ የደሴ ልጅ ነበር። እኔ “አንተ የእህትህን ሬሳ የሸጥክ” ስለው እሱ “ለተከበሩ አጎቴ፣ እንደምን ሰንብተዋል” ብሎ ይጽፋል። ሌላ ሰው ሲያነብልኝ ደረስኩበት። “ምነው?” ስለው፣ “ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ ነውር ነው” አለኝ። ስድቤን ራሴ ልጽፈው ሀ ሁ ብዬ ጀመርኩ።

ለምን አልተመለስክም ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ልጨምር እያልኩ ነዋ! በኋላ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ አለ፤ ተኝቼ ትንፋሼ ይቆማል፣ ስኳሩም መጣ። አንድ ግብጻዊ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ።

“ሀጂ፣ ስትበላ መቼ ነው የምትጠግበው?”

“እስካሁን አልደረስኩበትም።”

“እንግዲያው ተክሚም ያስፈልግሃል። ጨጓራህን ቆርጠን እንደ ሙዝ ጠባብ እናደርገዋለን።”

“የተቆረጠውስ?”

“ይጣላል።”

“ስንት ዘመን የደከምኩበትን!”

“ካልተቆረጠ ልብህ ብዙ አይቆይም” አለኝ፤ አልሳቀም።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ሐኪሙ ሥጋ መስሎታል። እኔ የተሸከምኩት መሐላ ነው፤ እንድሬ ደጅ ይዤው ልቀመጥ ያሳደግኩት። ባዶ ሆዴን ይዤ ከወጣሁበት አገር ባዶ ሆዴን ይዤ ልመለስ? ቤቴ ገብቼ ለዘሀራ ደወልኩ።

“እንድሬ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ዋጃ ገበያ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል።”

“በዚህ ዕድሜው? ምንድን ነው የሚበላው?”

“ምን ይበላል ብለህ ነው፣ እፍኝ ቆሎ። ደርግ መሬቱን ከወሰደው ወዲህ እኮ እንጨት ነው የሆነው።”

ስልኩን ዘጋሁ። እሱ እፍኝ ቆሎ እየቆረጠመ እየኖረ ነው። እኔ እሱን ላናድድ እየበላሁ ልሞት ነው። ሬሳዬን “ማሻአላህ” ሊለው ነው! በማግስቱ ሄጄ፣ “ቁረጠው” አልኩት ሐኪሙን። የዘላለም ዕድሜ አልፈለግሁም። ከእንድሬ አንድ ቀን ብበልጥ ይበቃኛል።

መዝጋቢዋ፣ “አንድ ነገር ብትሆን የምንነግረው የቅርብ ዘመድ አለህ?” አለችኝ።

“አጎት አለኝ። ግን ደስ እንዳይለው አትንገሩት።”

ቆረጡኝ። ስነቃ ሆዴ ውስጥ እሳት የተዳፈነ መሰለኝ። ውኃ በማንኪያ ነው፤ አንዷን ውጠህ ሌላዋን ትጠብቃለህ። ከዚያ የተጠለለ ሾርባ። ወገኖቼ፣ ሞኝ ነበርኩ፤ ረሃብን ቆቦ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እነሆ ሩዝ እንደ ተራራ በሚከመርበት አገር፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ ማንኪያ ላይ አፍጥጬ ቁጭ። ሆዴ አልራበውም፤ ዓይኔ ነው የራበው። እናቴ ያን ጊዜ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ መሬቱን እንዴት ታየው እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። መጥበኽ ያሉት ወዳጆቼ በግ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ አንዲት ጉርሻ ሰርቄ ስውጥ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

የቤት አከራዬ አቡ ፈህድ በር ላይ ቆሞ አየኝ። ሱሪዬን በገመድ አስሬአለሁ።

“አንተ፣ የት ሄድክ?”

“ግማሼ ሐኪም ቤት ቀረ።”

“ልትሞት ነው እንዴ? እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳትሞትብኝ። ሰው የሞተበትን ማን ይከራየዋል?”

“አይዞህ፣ ተራዬ አይደለም። ከእኔ በፊት የሚሞት አለ።”

የሚበጀኝ ነገር ጠፋ። ሾርባው ያስመልሰኛል፣ እርጎው ያቅረኛል። አንድ ሌሊት ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ በሕልሜ መጣብኝ። የምጠላው ሽታ ነው፤ የእናቴ መጨረሻ ነው። ግን ምራቄ ሞላ። አፍሬ ለዘሀራ ነገርኳት፤ “ትንሽ የጉድጓድ ማሽላ ዱቄት በመንገደኛ ላኪልኝ።” ላከችልኝ። ቀጠን ያለ አጥሚት አድርጌ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ፣ ጠበቅኩ። አላስመለሰኝም። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ሦስተኛዋ ላይ፣ ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቃኝ አልኩ። ያን ጊዜ አለቀስኩ እንግዲህ።

በየቀኑ እሱን እየበላሁ ጉልበቴ ተመለሰ። አንድ ጠዋት አጥሚቴን ጥጄ፣ ላመሰግናት ደወልኩላት።

“ዘሀራ፣ ዱቄትሽ አዳነኝ። ከየት አገኘሽው? የጉድጓድ እህል ዛሬም አለ?”

“ዋናው መዳንህ ነው።”

“አንቺ!”

“ጋሼ እንድሬ ነው የሰጠህ።”

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

“ታሟል፣ ወንድምዬ። ሳይበላ ያጠራቀመበትን ጉድጓድ አስከፈተና መንደሩን ሁሉ ጠርቶ አፉ ላይ ለቆመው ሁሉ ሰፈረ። የመጀመሪያውን ቁና ግን ‘ይሄ የከድጃ ልጅ ነው’ ብሎ ለብቻ አስቀመጠው። አሁን ነፍሱ አልወጣ ብላ ተጨንቋል። አፉ በለው። ይቅር በለው፣ ይሂድ።”

“ከእሱ እንደሆነ ሳትነግሪኝ አበላሽኝ?”

“ብነግርህ ትበላው ነበር? እህሉን በልተህ አፉ ልትከለክለው ነው? ቆይ፣ ጆሮው ላይ ላድርግልህ።”

እምቢ ሳልል ትንፋሹን ሰማሁት። ቀጭን ነው፣ ገለባ የሚንኮሻኮሽ ይመስላል።

“ሰይዶ… በላኸው?”

“በላሁት።”

“ተስማማህ?”

ልዋሽ ፈለግሁ። “ተስማማኝ” አልኩት።

“አፉ በለኝ።”

ለዚህ ቀን ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ በራሴ እጅ የተጻፈ። ሁሉም ጠፋኝ። አንቱም አላልኩት። “ከድጃን ከእኔ ቀድመህ ታገኛታለህ። እሷን ጠይቃት” አልኩት።



“እሷማ ትለኛለች” አለ። “እሷ እጄን ስማ ነው የሄደችው። የፈራሁት ያንተን ነው።”

ዘሀራ ስልኩን መልሳ ወሰደች። “ምን አልከው? እንባው እየወረደ ነው።”

“ጉድጓዱን ዘጋችሁት?”

“ምኑ ይዘጋል? ባዶ ነው፤ እንደተከፈተ ነው።”

“አፉ ላይ ሰው አለ?”

“ማን ይኖራል፣ ወንድምዬ? ሁሉም ወስዶ ሄደ።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እያየኝ ነው። ምን ልበለው?”

የማሽላው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ ማማሰያውን አነሳሁ።

“ቆይ” አልኳት፣ “አጥሚቱ ሊያርብኝ ነው።”