እናት የሌለችበት ተረት

ወረታ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሕፃናት ስታስተምር የገላነሽ ዕድሜ ሄዷል። ፊደልስ ማንም ያስቆጥራል፤ የእሷ ሙያ ተረት ማንበብ ነው። መሐል ላይ መጽሐፉን ትከድንና «አሁን ለዚህ ምን እናድርግለት?» ትላለች። ልጆቹ ይከራከራሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ያደርጉታል። ሲናከስ የኖረው ታጁ እንኳ ዛሬ ለወደቀ ልጅ ልብሱን ያራግፍለታል።

ክረምቱ ሲወጣ የመባ እናት ሞተች። ገጠር ቁሐር ሚካኤል ስትቀበር ልጁ ልቅሶውን እንዳይሰማ ወረታ አክስቱ ቤት አመጡት፤ ገላነሽ ክፍልም አስገቡት፤ «እናትህ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ናት» አሉት። በእኛ አገር ለአዋቂ መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ ይነገራል። ለልጅ ግን ወጉ መዋሸት ነው። ልጅ ምን ያውቃል እየተባለ ስንቱ በር በሩን ሲያይ አድጓል፤ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

አባቱ አያልነህ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። «መምህር፣ አደራዎን። ሩዙን ልሰብስብና እኔው እነግረዋለሁ። አሁን አፌ እሺ አይለኝም» አላት። ገላነሽ እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ የላሟና የጥጃዋ ተረት ቀረ፤ የዶሮዋና የጫጩቶቿም ቀረ። እናት የሌለችበት ተረት ማግኘት እንዲህ ከባድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

አንድ ቀን፣ ውሃው ሲሸሽ ሜዳ ላይ ብቻዋን ስለቀረች ዳክዬ አነበበችላቸው። እንደ ልማዷ መጽሐፉን ከድና «ብቻውን ለቀረ ምን እናድርግለት?» አለች።

የባለሱቁ ልጅ ሰሚያ ተነሣች። ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለመባ ዘረጋችለት። «እናትህ ስለሞተች ነው» አለችው ቀስ ብላ። ወሬውን ከእናቷ ሰምታለች፤ እሱ የማያውቅ አልመሰላትም።

መባ ሳቀ። «የኔ እናት ሐኪም ቤት ናት። ስትድን ትመጣለች።»

ሰሚያ እጇን እንደዘረጋች ወደ ገላነሽ ዞረች። «መምህር፣ ዋሸሁ እንዴ?»

ገላነሽ የአያልነህን አደራ አሰበች። ዋሽተሻል ብትላት ይህች ልጅ ዳግመኛ ለማንም እጇን አትዘረጋም። ዝም ብትልም መባ ከፊቷ ይረዳዋል፤ ዓይን ዓይኗን እያያት ነው። ሄዳ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና አቀፈችው።

«አልዋሸሽም፣ ሰሚያ» አለች።