ለሁለት ብስክሌት አንድ ቆጣሪ

ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ልጆቼ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልክ ሲነጣጠቁ አገኘኋቸው። ብስክሌት ላይ የሚገጠም የኪሎሜትር ቆጣሪ እየመረጡ ነው። ብስክሌታቸው ሁለት፣ እገዛላችኋለሁ ያልኳቸው ቆጣሪ ግን አንድ ስለሆነ፣ ክርክሩ «የትኛው ለሁለታችን ይሆናል?» የሚል ነበር።

«አባዬ፣ እስቲ አንተ ፍረድ» አለችኝ ትልቋ።

በሌላ ነገር ቢሆን መፍረድ አላስቸግርም። በዚህ ነገር ግን እኔ ራሴ ተከሳሽ ነኝ። «ቆይ፣ አስቤ እነግራችኋለሁ» ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የልብ ጓደኛዬ ማንደፍሮ ነበር። የትክል ድንጋይ ልጅ ነው፤ ቁስቋም እኛ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይማራል። እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ዓርብ አገሩ ይገባና እሑድ የሳምንት ስንቁን ይዞ ይመለሳል፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ የባቄላ ቆሎ። ሌሎቹ በእግራቸው ሲመላለሱ እሱ ከአጎቱ የወረሰው ጥቁር ብስክሌት ነበረው፤ ከባድ፣ ባለ ሃያ ስምንት ጎማ። የእኔ ደግሞ አባቴ የገዛልኝ ቀይ፣ ማርሽ ያለው፣ ባለ ሃያ ስድስት ጎማ ነው። ስንቁን እሱ ከዚያ ሁሉ ዳገት ተሸክሞ ያመጣዋል፣ እኔ ግማሹን እበላለሁ። እናቴ ድርቆሹን በእርጎ ወይም በወጥ ፈትፍታ ስታቀርበው ለመተው የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በከተማው ያለ አንድ የብስክሌት ክለብ ወጣቶችን ሊፈትን ነው ተባለ። አሠልጣኙ ቁርጥ ያለ ሰው ነበር። «ሜዳ ላይ በአማካይ በሰዓት ሠላሳ ኪሎሜትር የማይነዳ አይምጣብኝ» አለ። ለእኔ ክለቡ ማልያ ነበር፤ ለብሼው ፒያሳ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት። ለማንደፍሮ ግን ትምህርቱ ራሱ ነበር። አባቱ «ከዚህ ዓመት ወዲያ ስንቅ ላቀብልህ አልችልም፣ ታናናሾችህም አሉ» ብለውታል። ክለቡ ደግሞ ለገጠር ልጆች ማደሪያና ምግብ ይሰጣል። ከገባ ይማራል፤ ካልገባ አገሩ ገብቶ ሞፈር ይጨብጣል።

ሠላሳ መድረሳችንን የምናውቀው በቆጣሪ ነውና ያለችንን አዋጥተን አራዳ ወደሚገኙት ብስክሌት ጠጋኝ፣ አያ ተገኘ ዘንድ ሄድን። ሁለት ዓይነት አወጡልን። ቆጣሪ የጎማውን ዙር እየቆጠረ፣ በተሞላለት የጎማ ልክ አባዝቶ ነው ርቀቱንና ፍጥነቱን የሚያወጣው። አንደኛው የሁለት ጎማ መጠን በየራሱ መያዝ የሚችል፣ ቁጥሩ ግን ደቃቃ፣ መልኩም የማያምር ነው። ሁለተኛው የሚይዘው የአንድ ጎማ ልክ ብቻ ነው፤ ሆኖም ሲነኩት አረንጓዴ ያበራል።

«እኔስ ሁለት ጎማ የሚይዘው ይሻላል ባይ ነኝ» አለ ማንደፍሮ።

«መብራቱን እየው እንጂ!» አልኩት። ሰበብ ደረደርኩ፤ ለጭጋግ ይሆናል አልኩ፣ ለጎህ ይሆናል አልኩ። እሱም እንደ ልማዱ «ይሁን፣ ደስ ካለህ» አለኝ።

አያ ተገኘ በየብስክሌታችን መሪ ላይ አንዳንድ ማቀፊያ ገጠሙልንና ቆጣሪዋን እየነቀልን እየተከልን እንድንጠቀም አሳዩን። ከዚያ ልኩን ሊሞሉ ሲሉ ቆም አሉ።

«በየትኛው ጎማ ልሙላው?»

ተያየን። እኔ «በእኔ» ማለት አፈርኩ፤ እሱም እንዲሁ። አያ ተገኘ ደግሞ በጠቡ ሁሉ መሐል ገብተው የሚያስታርቁ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው።

«በዚህኛው ባደርገው ያ ይከፋዋል፣ በዚያኛው ባደርገው ይኸ ይከፋዋል። መሐሉን ይዘን እንታረቃ!» አሉና በሁለቱ ጎማ መካከል ያለውን ልክ ሞሉበት።

«ሸጋ ፍርድ ነው አያ» አለ ማንደፍሮ። መርቀውን ወጣን። እኔም ከልቤ ሸጋ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተራ በተራ ከአዘዞ ተነስተን ጠዳ አካባቢ እስካለችው ዋርካ ደርሰን እየተመለስን ለካን። የጥቅምት ብርድ ጣት ይቆርጣል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የባቄላው እሸት ደርሷል፣ እየሰረቅን እንበላለን። ውጤቱን በአንድ ደብተር እንጽፋለን፤ የሄድነውን ርቀት በአንድ በኩል፣ አማካይ ፍጥነታችንን በሌላው። እኔ ሠላሳ ገባሁ። ማንደፍሮ ሃያ ዘጠኝ ላይ ቀረ። ቢል ቢሠራ ሃያ ዘጠኝ።

ፈተናው ለእሑድ ሊሆን በዚያው ሳምንት ማክሰኞ «እኔ ቀርቻለሁ» አለኝ።

«ሂድና ሠላሳ ነኝ በል፤ ማን ያውቅብሃል?»

«ምነው፣ እግዜር አያውቅም?» አለኝ። ክፍሏንም ሊለቃት እንደሆነ ከአከራዩ ሰማሁ።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ብቻዬን ደብተሩን ሳገላብጥ፣ እስከዚያ ቀን ልብ ያላልነውን ርቀት የተጻፈበትን በኩል አየሁት። እኔ ዋርካዋ ደርሼ በተመለስኩ ቁጥር ሃያ አምስት ኪሎሜትር። እሱ በተመለሰ ቁጥር ሃያ ሦስት ተኩል። መንገዱ አንድ፣ ዋርካዋ አንድ። ያ የመታረቂያ ልክ ለትንሿ ጎማዬ ሲጨምርላት፣ ከእሱ ትልቅ ጎማ ሲቀንስበት ከርሟል። ሂሳቡን ሠራሁት። ሠላሳ ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው እሱ ነበር፤ በዚያ ከባድ ብስክሌት! እኔ ነበርኩ ሃያ ዘጠኙ።

ሮጬ አልነገርኩትም። እውነቱን ልናገር፣ ከእሑድ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ።

ዓርብ ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ሲል ሻንጣውን አብሬው አሰርኩለት። ቆጣሪዋን ከመሪው ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ላንተ ትሁን፣ እሑድ ታስፈልግሃለች» አለኝ። ተቀበልኩት። «መልካም መንገድ» አልኩት። ልነግረው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ቆጣሪዋን ኪሴ ከተትኳት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቁርስ አቀረበች። ማንደፍሮ ትቶልን የሄደው የመጨረሻው ድርቆሽ ነበር። አንድ ጊዜ ጎረስኩና አልወርድ አለኝ። ተነስቼ ብስክሌቴን አወጣሁ።

የትክል ድንጋይ መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነው። ዳገቱን ግማሹን እየነዳሁ፣ ግማሹን እየገፋሁ ወጣሁት። እሱ በየሳምንቱ ስንቅ ጭኖበት የሚመላለስበት ዳገት መሆኑን ያን ቀን ነው የገባኝ። አቧራ ለብሼ ስደርስ እነማንደፍሮ በወንፈል ጤፍ ያጭዳሉ። ማጭዱን እንደያዘ ቀና አለ።

«ምነው ሰሎሞን፣ ሰው ሞተ?»

ደብተሩን ዘርግቼ አሳየሁት። ላስረዳው አልተቸገርኩም፤ ከአፌ ሳይወጣ ገብቶታል። ቁጥሮቹን በጣቱ ተከትሎ አያቸው።

«መቼ አወቅህ?»

«ሐሙስ።»

«ዓርብ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ደብተሩን መለሰልኝና ማጨዱን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! የጀመረውን ትልም እስኪጨርስ እርሻው ዳር ቆሜ ጠበቅኩት። ጨርሶ ማጭዱን ለአባቱ ሰጠ። «አባባ፣ ነገ ፈተና አለኝ» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «እህል ቅመስና እንሂድ፣ መንገዱ ረጅም ነው» አለኝ።

እሑድ አሠልጣኙ ለሁሉም እኩል ብስክሌት ሰጥቶ ፈተነን። ማንደፍሮ አለፈ። እኔ ወደቅኩ። እሱ ክለቡ ውስጥ ሆኖ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ዛሬ እዚያው ትክል ድንጋይ መምህር ነው። ወዳጅነታችንም አልተቋረጠም። ያችን ዓርብ ግን ይኸው ይህን ያህል ዘመን አንድም ቀን አንስቷት አያውቅም።

ከበረንዳው ደወልኩለትና የልጆቹን ክርክር ነገርኩት። ድምፁን ሲሰሙ እነሱም መጥተው ከበቡኝ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት።

«ሁለት ጎማ የሚይዘውን ግዛላቸው» አለ እየሳቀ። «አረንጓዴ መብራት ይቅርባቸው። መሐል የሚባል ጎማ የለም።» ከዚያም «ደግሞ ስሕተት ሐሙስ ካዩ ቅዳሜ እስኪሆን አያቆዩት በልልኝ» አለ።

«ሐሙስ ማለቱ ምንድን ነው?» አለችኝ ልጄ ስልኩ ሲዘጋ።

ጓደኛዬን ልጠራ ትክል ድንጋይ ድረስ እንዴት እንደነዳሁ ለልጆቼ ስንቴ አውርቼላቸዋለሁ፤ ዳገቱን፣ ጠጠሩን፣ አቧራውን። ሁልጊዜ ግን ከቅዳሜ ነበር የምጀምረው። በሁለቱ መሐል ተቀመጥኩና ዓርብን ነገርኳቸው።