ከጫጫታ የጸዳ ሸክላ

አረንጓዴ የዘፈን ሸክላ አይቼ አላውቅም ነበር። ይኸው አየሁ። እንደ ልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ በወፍራም ካርቶን ታሽጎ፣ ከጅዳ በሰው እጅ ሐይቅ ከተማ ድረስ መጣልን። የላከው ወንድሜ ነው። የአባባ ባንድ ነጠላ ዘፈኖች ሃምሳ ዓመት ደፈኑ ብለው ፈረንጆች እንደገና አሳትመዋቸው፣ እሱ ኢንተርኔት ላይ አገኘና ከነማጫወቻው ገዛ። ወንድሜን አላህ ይስጠው። ፈረንጆቹን ግን ተዉኝ።

ሽፋኑ ላይ ግመል አለ። አሸዋ ላይ የቆመ ግመል! አባባ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ሐይቁ አፍንጫ ሥር ነው፤ ጊታሩን ይዞ የዞረውም ደሴ ውስጥ ሆቴል ለሆቴል ነው። ግመል ካማራቸው ሰኞ ባቲ ገበያ አይወርዱም? በአምባሰል ቅኝት የመታውን ጊታር ደግሞ «የጠፋው የበረሃ ሮክ» ብለውታል። ማን ነው ያጠፋው? እዚህ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር አምባሰል ይዘፈናል። ከሥር «ከጫጫታ ሁሉ የጸዳ የመታሰቢያ እትም» ይላል። እሱን እንኳ ደግ አደረጉ አልኩ።

ስለ ግመሉ ስነግረው አባባ ሳቀ። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ሽፋኑ ምኑም አይደለም። እሱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእማማን እልልታ።

ዘፈኑ ሲቀረጽ አዲስ ሙሽሮች ነበሩና አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። መቅረጫው ክፍል ጥግ ላይ አስቀምጠው «ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። እማማን? ዝም? ወላሂ፣ እማማን አያውቋትም። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ አላስቻላትም፤ እልልታውን አቀለጠችው። ቀራጩ ቢቆጣም ቴፑ አልቆበት ነበርና እንዳለ ታተመ። እኛ ቤት የነበረችውን ሸክላ አንድ ዘመድ ለሰርግ ብሎ ውጫሌ ወሰዳት፤ በዚያው ቀረች። አፈር ይብላ! እማማም ሞባይል የሚባል ነገር አገራችን ሳይገባ ሞተች፣ አላህ ይርሀማት። ድምጿ የቀረው እዚያች እልልታ ላይ ብቻ ነው።

መብራት ሲመጣ ማጫወቻውን ሰክቼ ያንኑ የመጨረሻውን ዘፈን ከፈትኩ። ወንድሜም ከጅዳ በስልክ ቪዲዮ ያየናል። ጊታሩ ገባ። እውነት ለመናገር ጥርት ያለ ነው፤ ያ እንደ ቆሎ የሚንጣጣው ድምፅ የለም። አባባ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ተከተለ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጣቱን አቁሞ ጆሮውን ሰጠ። ጊታሩ አበቃ። ከዚያ ጭጭ።

«አሳለፍሽው እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አላሳለፍኩም፣ አባባ።»

«መልሺው።»

መለስኩት። አሁንም ጭጭ። ያኔ ነው የገባኝ። ጫጫታ! እናቴን ነው ጫጫታ ያሏት! ያልገባቸውን ቆርጠው ጥለው፣ ግመል ለጥፈውበት ይሸጡልናል። ድንቄም መታሰቢያ! የማን መታሰቢያ? የግመሉ? አፌ ያመጣውን ሁሉ አወረድኩባቸው። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ «ተይ በቃ እህቴ፣ እጽፍላቸዋለሁ» ይላል። ጻፍላቸው! የጣሉትን ከቆሻሻ ለቅመው ይልኩልህ መሰለህ?

አባባ እጁን አነሳ።

«ስድቡን ተይውና አንቺ እልል በይልኝ» አለ። «ድምፅሽ የእሷው ነው።»

በዚያ ንዴት ላይ እልልታ ከየት ይመጣል? ግን አባቴ ነው። መርፌዋን ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩና ጠበቅኩ። መጨረሻው ሲቃረብ ብድግ ብዬ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ እልል አልኩ።

የአባባ ጉንጭ ረጥቧል። ራሱን ነቀነቀ።

«ቸኮልሽ» አለኝ። «እሷ የመጨረሻዋን ክር እስክመታ ጠብቃኛለች። መልሺው።»