ብርድ መስሎኝ ነበር

ኮሶዬ ሳስተምር የተከራየኋት ክፍል አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነበረች። እርግዝናዬን በኪኒን ያቋረጥኩት ጎንደር ወርጄ ነው። ነርሷ ቁጭ አድርጋ ነግራኛለች፦ «ደም ይፈስሻል፣ ይቆርጥሻል፤ ያለ ነው። ግን ሞዴሱ በላይ በላዩ እየራሰ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ወይ ፈሳሹ ከሸተተሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ።»

ደሙ መጣ፤ ከዚያ ቀነሰ። አለቀልኝ ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ጠመኔ የያዘው እጄ ተንቀጠቀጠ። የኮሶዬ ብርድ መሰለኝና ቤቴ ገብቼ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። ጥርሴ መንገጫገጩን አልተወም። ደሙ እንደ አዲስ ጀመረኝ፤ ከእምብርቴ በታች እጄን ሳሳርፍ እንኳ ያስጮኸኛል። ልብሴን ልቀይር ስነሳ ሽታው መታኝ። ያኔ ገባኝ።

ቢገባኝስ? መንገድ ተዘግቷል ተብሎ ያን ቀን አንድ ሚኒባስ አላለፈም። ለነርሷ ብደውል ኔትወርክ የለም። ያስረገዘኝ ሰው ስልኩን ካጠፋ ሰንብቷል። እናቴ ሬሳዬን ስትቀበል ታየኝ።

ባልቴቷ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። «ምነው ልጄ? ፊትሽ አመድ መሰለ!»

«ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ እማማ።»

ቀሚሴን አዩት። ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ጥለውኝ የሄዱ መስሎኝ ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። ሲመለሱ ግን አይሱዙ ያላቸውን ሽማግሌ ጎረቤታችንን አስከትለው ነበር።

«መንገዱ ዝግ ነው፤ የት አደርሳታለሁ?» ይላሉ ሰውዬው።

«አያ፣ ስለ እመቤቴ! ለምነን እናልፋለን።»

ኬላው ላይ ወታደሮቹ ተመለሱ አሉን። ባልቴቷ ከመኪናው ወርደው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። አንዱ ወታደር በመስኮቱ አየኝና ገመዱን ፈታ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እምብዛም አላስታውስም፤ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ዓይኔ ይጨልማል።

ሆስፒታል እንደደረስን ግሉኮስና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ በለሆሳስ፣ «ማህፀንሽ ውስጥ የቀረ አለ፤ አመርቅዟል። አሁኑኑ መውጣት አለበት» አለችኝ።

«እሞታለሁ?»

«ብትቆዪ ኖሮ ነበር የሚያስፈራው።»

የቀረውን በመምጠጫ አወጡልኝ። ደምም ተሰጠኝ። ትኩሳቱ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም፤ ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ባልቴቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

በመጨረሻ ሲሻለኝ፣ ባልቴቷ አጥሚት ሲያጠጡኝ እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«አትንገሪኝ» አሉ ቶሎ ብለው። «ከሰማሁ ለንስሐ አባቴ መናገሬ ነው። ጠጪ።»

ኮሶዬ ስመለስ መንደሩ ምን አግኝቷት ነው ይል ነበር። ውሸት የማያውቁት ሴትዮ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ታይፎይድ ነው፣ እግዜር ማራት» እያሉ ይመልሱ ነበር። እኔን ግን ለብዙ ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም።